ማድ ቤት የማይደርስ ክርስትና

ጸሎተ ሐሙስ በመጣ ቁጥር ሆዴ ይብሳል። ካህኑ ጎንበስ ብሎ በወይራና በወይን ቅጠል እግራችንን ሲያጥበን እንባ የሚቀድመን ብዙዎች ነን። ሥርዓቱ ያማረ ነው፤ ከሥርዓቱ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ እግሩን ታጥቦ፣ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ገና ከደጅ ሲገባ «አንቺ! ጉልባኑ እስካሁን አልደረሰም?» ብሎ ከሚያምባርቀው ምእመን ጋር ነው።

«አንቺ» ስም አላት። ያውም እናት አባቷ ያወጡላት ስም ለእመቤቷ ጆሮ አልጥም ብሎ ሌላ ካልተለጠፈባት። ሳይነጋ ትነሣለች፤ ሁሉ ከተኛ በኋላ ማድ ቤት ውስጥ ፍራሿን ትዘረጋለች። ሳህኗ ለብቻ ነው። ደመወዟ «እኔ ጋ ይጠራቀምልሽ» እየተባለ ወር በወር ላይ ይደረባል። የቤቱ ሕፃን በስሟ እየጠራ ያዛታል፤ እሷ አባቱን «ጋሼ»፣ እናቱን «እትዬ» ትላለች። 55 ቀን የምንጾምበትን ሽሮ የምትሠራው እሷ፣ ቅዳሴ የማትደርሰውም እሷ!

ጌታ በጸሎተ ሐሙስ ምሽት ምን አደረገ? እግር ማጠብ በዚያ ዘመን የባሪያ ሥራ ነበር። ከማዕድ ተነሣ፣ ልብሱን አኖረ፣ ማበሻ ጨርቅ ታጠቀ፣ ውሃውን በገዛ እጁ ቀዳ። ጴጥሮስ እንዴት ተደርጎ ያለው ወዶ አይደለም። ከዚያም እርስ በርሳችን እንዲሁ እንድናደርግ አዘዘን። እኛ ከትእዛዙ የተማርነው በዓመት አንድ ቀን እግር መዘርጋትን ብቻ ነው።

በ2012 ዓ.ም. ቤይሩት ውስጥ አሠሪዎች የቤት ሠራተኛ እህቶቻችንን አምጥተው ቆንስላችን ደጃፍ ላይ ሲጥሏቸው አገር አለቀሰ። የእኔም ደም ፈላ። «አረመኔዎች!» አልን፤ ደግም አደረግን። ለቤይሩቷ እመቤት ያልሰሰትነውን ቃል ለቦሌዋ እመቤት ሲሆን ለምን እንውጠዋለን? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የስምንት ሰዓት የሥራ ቀንና የሳምንት ዕረፍት ሲደነግግ፣ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከተፈጻሚነት ወሰኑ አስወጥቶታል። ማድ ቤታችን ከሕጉ ደጅ ቀረ ማለት ነው። እሺ፣ የሕጉን ለሕግ አውጪው እንተወው። ክርስቲያን ነኝ የሚል ሰው ግን ለአንዲት ልጅ እሑድን ለመስጠት ነጋሪት ጋዜጣ ይጠብቃል?

«አታውቃቸውም፤ ይሰርቃሉ» የሚሉኝ አይጠፉም። ወንጌላዊው ዮሐንስ ከረጢት ያዡን ይሁዳን ሌባ ይለዋል። ጌታም ያውቀው ነበር። ያን ሌሊት ግን የይሁዳም እግር ታጥቧል። ይህ ካልበቃችሁ እኔ ሌላ መልስ የለኝም።

የትንሣኤ ሌሊት ነጭ ለብሳችሁ ስትወጡ ቤት የሚጠብቀው፣ ዶሮውን ከምድጃው ሥር ቁጭ ብሎ የሚያማስለው ማን ነው? ዘንድሮ ሽንኩርቱን ጋሼ ይክተፍ፤ እትዬ ታቁላላ። ልጅቷ ነጠላዋን ለብሳ ቅዳሴ ትሂድ። የተጠራቀመ ደመወዟንም ሳትወጣ በፊት ቁጠሩላት።