ድንጋዩን ከግርጌ አውጡልኝ

በደቡብ ስኮትላንድ፣ ሩትዌል በምትባል መንደር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንድ የድንጋይ መስቀል ቆሟል። ቁመቱ ከ5 ሜትር ይበልጣል፤ ሊቃውንት የ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥራ ነው ይላሉ። በሰፊዎቹ ገጾቹ ቅዱሳን ተቀርጸውበታል፤ በጠባቦቹ ጎኖቹ ደግሞ ወፎችና አራዊት በሰፈሩበት የወይን ሐረግ ዳር ዳር፣ ሩን በተባለው ጥንታዊ ፊደል ግጥም ተጽፎበታል። ተናጋሪው ራሱ መስቀሉ ነው፤ ጌታውን እንዴት እንደ ተሸከመ «እኔ» እያለ ይተርካል።

ሙግቴ የሚጀምረው ከዚህ ነው። የዚሁ ግጥም ረዘም ያለ ቅጂ በኢጣልያ፣ በቬርቼሊ ከተማ፣ በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በተጻፈ ብራና ላይ ይገኛል። እናም ድንጋዩ የብራናው «ቅንጫቢ» ተባለ! እኔም ግጥሙን መጀመሪያ ባነበብሁበት መድበል ውስጥ ድንጋዩ የግርጌ ማስታወሻ ሆኖ፣ ሁለት መስመር ብቻ ደርሶት አገኘሁት። ቀዳሚው እንዴት የተከታዩ ቅንጫቢ ይሆናል? ፊደሉ ከሥዕሉ በኋላ የተቀረጸ ነው የሚሉ ሊቃውንት መኖራቸውን አልክድም። ይሁን። ብራናው ላይ ግን ስለ መስቀሉ የሚናገርለት ጸሐፊ ነው፤ እዚህ ተናጋሪውና የሚነበበው አንድ አካል ነው። አንባቢው ግጥሙን ለመጨረስ መስቀሉን መዞር አለበት። ሲዞርም አባ ጳውሊና አባ እንጦንስ በበረሃ ኅብስት ሲቆርሱ ያገኛቸዋል፤ ስንክሳር እየሰማ ላደገ አገሬ ሰው የላቲኑ መግለጫ እንኳ አያስፈልገውም። የትኛው ገጽ ነው ይህን የሚያደርገው?

ድንጋዩን በመናቅ መድበል አዘጋጆች የመጀመሪያዎቹ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1642 የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ጠቅላላ ጉባኤ የጣዖት ሐውልት ነው ብሎ እንዲፈርስ አዘዘ። ስብርባሪው ኋላ ወደ ቅጥር ግቢው ተጥሎ ዝናብ ሲወርድበት ኖረ። ቁርጥራጩን ሰብስቦ በ1823 በመኖሪያው አትክልት ስፍራ ያቆመው የመንደሩ ቄስ ሄንሪ ደንካን ነው። የጠፋውን አግዳሚ ክንድ ግን በራሱ ግምት አስቀርጾ ጨመረበት (ይህንንስ ባይነካው ደግ ነበር)። በ1887 ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲገባ፣ ለእርሱ ሲባል ተጨማሪ ክፍል ታነጸ፤ ቁመቱ እንዲበቃም ወለሉ ዝቅ ተደረገ።

አናጺዎቹ ለድንጋዩ ወለል ቆፍረዋል። እናንተ መድበል የምታዘጋጁ ሆይ፣ በሚመጣው እትም አንድ ገጽ ልቀቁለት፤ ከጎደሉት ፊደላት ጋር፣ እንደ ተሰበረ አትሙት። ብራናው ከኋላው ይከተል።