ከማገዶ ዓይነት ወደ ጭስ መጠን፦ የአስም ጥናቶቻችን ምን ይለኩ?

በአዴትና በዙሪያዋ ባሉ የይልማና ዴንሳ ቀበሌዎች ባሕር ዛፍ፣ የበቆሎ አገዳና ኩበት የዘወትር ማገዶዎች ናቸው። በአገር አቀፍ ደረጃም ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑ ቤተሰቦች በጠጣር ማገዶ እንደሚያበስሉ እ.ኤ.አ. የ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ አሳይቷል። ስለዚህ «በምን ያበስላሉ?» ብሎ ጠይቆ መልሱን ከአስም ጋር ማዛመድ፣ ሁሉም «በማገዶ» በሚልበት ገጠር የሚነጻጸር ወገን አያስገኝም። በዚህ ጸሐፊ እምነት የድኅረ ምረቃ ጥናቶቻችን የማገዶውን ዓይነት ከመጠየቅ የጭሱን መጠን ወደ መለካት መሸጋገር ይኖርባቸዋል።

ሁለት አገራዊ ግኝቶች ይህን ያጠናክራሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 በላንሴት መጽሔት የታተመው የጅማ ጥናት አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው ነዋሪ ዘንድ በዝቶ እንደሚገኝ አመልክቷል፤ የማገዶ ጭስ የሚበረታው ግን በገጠር ማድ ቤት ነው። እንግዲህ ጭስ የታማሚን የአየር ቧንቧ ማስቆጣቱና በሽታውን ከመነሻው ማምጣቱ ተለያይተው መጠናት ያለባቸው ጉዳዮች ናቸው። ሁለተኛው ግኝት የይልማና ዴንሳ ጎረቤት ከሆነችው ከሜጫ የተገኘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ውጤቱ የታተመው ሙከራ፣ የተሻሻለ የእንጀራ ምድጃ የታደላቸው ቤተሰቦች ሕፃናት ከሌሎቹ ያነሰ የታችኛው መተንፈሻ አካል ኢንፌክሽን እንደገጠማቸው የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። ጥናቱ ስለ አስም ባይሆንም ትምህርት አለው፤ ምድጃ መቀየር ብቻውን የሚተነፈሰውን ጭስ በበቂ መቀነስ አይደለም። የእንጀራው ምድጃ ቢሻሻል እንኳ ወጡና ቡናው በጉልቻ ላይ ሊቀጥሉ ይችላሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ለደቃቅ ብናኝ ያወጣው የ24 ሰዓት ወሰን በሜትር ኪዩብ 15 ማይክሮግራም ነው። ይሁን እንጂ የዕለት አማካይ የመጋገሪያዋን ሰዓት ይሸፍናል፤ አስም ደግሞ በድንገት የሚነሣ ሕመም ነው። መለኪያው በየደቂቃው የሚመዘግብና በጋጋሪዋ ልብስ ላይ የሚንጠለጠል ሊሆን ይገባል፤ ሕፃኑ በጀርባዋ ታዝሎ የሚተነፍሰው ያንኑ አየር ነውና። ምርመራውም ከ«ሳል አለብዎት?» አልፎ፣ መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊትና በኋላ የትንፋሽን ፍሰት በስፒሮሜትር ቢለካ፣ አስም ማገዶ ከሚያስከትለው ሌላ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ጋር መቀላቀሉ ይቀንሳል።

መሣሪያው ውድ ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ትምህርት ክፍሎች መሣሪያ ቢጋሩ፣ ጥቂት ቤቶችን በበጋና በክረምት ደጋግሞ መለካት በመቶ የሚቆጠሩ መጠይቆችን ከመሙላት የተሻለ ዕውቀት ያስገኛል። አስም ያለባትን እናት «ከጭስ ራቂ» ማለት ቀላል ነው፤ እንጀራው ግን መጋገሩ አይቀርም። ማገዶ ማድረቅ፣ ጭስ መውጫ ማበጀት ወይስ ማድ ቤቱን ከመኝታ መለየት ይበልጥ እንደሚጠቅማት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በማስረጃ እንድትነግራት ማስቻል የኛ የተመራማሪዎች ግዴታ ነው።