ፓስወርድ መቀየር ፍርድ አይደለም

ዛሬ የማነሣው በብዙዎቻችን ግቢ ስላለ ጭቅጭቅ ነው፤ ስለ ዋይፋይ።

እኛ ግቢ አንዱን መስመር ሦስት ቤት እንጠቀምበታለን። ወርሃዊ ክፍያውንም እኩል እናዋጣለን። ማታ ማታ ግን ስልኩ ላይ ያቺ ክብ ነገር ትዞራለች፣ ትዞራለች፤ ከዚያ "ማነው የሚጎትተው?" ይባላል። ባለፈው ወር አንዱ ጎረቤታችን ተናደደና ፓስወርዱን ቀየረው። የተዘጋባት ማን መሰላችሁ? የቤት ሥራዋን ስትሠራ የነበረችው የ8ኛ ክፍል ልጅ! ፊልም ሲያዩ ያመሹት እኮ ሌሎች ናቸው።

እኔ ይሄ ፍርድ አይመስለኝም። መስመር ማለት እንደ ግቢ ቧንቧ ነው። አንዱ በጎማ አትክልት ሲያጠጣ የሌላው ጀሪካን አይሞላም። ታዲያ ጀሪካን የያዘችውን ማባረር ምን ይባላል?

ሒሳቡን እንየው። "4 ሜጋ አለን" ስንል 4 ሜጋቢት በሰከንድ ማለታችን ነው። 8 ቢት 1 ባይት ስለሆነ፣ በሰከንድ የሚወርደው ቢበዛ ግማሽ ሜጋባይት ነው። 30 ሜጋባይት የሆነ የመማሪያ መጽሐፍ መስመሩ ባዶ ከሆነ በ1 ደቂቃ ይወርዳል። አራት ሰው እኩል ከተሻማ 4 ደቂቃ ነው። ዩቲዩብ ደግሞ በ720 ጥራት ሲታይ 2.5 ሜጋቢት አካባቢ ይፈልጋል፤ ይህ ከግማሽ በላይ ነው። በ360 ግን 1 ሜጋቢት እንኳን አይሞላም። ስለዚህ "አትዩ" አይደለም የምለው፤ በጥናት ሰዓት 360 ላይ አድርጋችሁ እዩ። በስልክ ስክሪን ብዙም ልዩነት የለውም። አፕዴቱም ሁሉ ተኝተን ሳለ ይውረድ።

"ፓስወርድ ለማንም ይሰጥ ወይ?" የምትሉኝ አትጠፉም። አይሰጥም! ያላዋጣ የሰፈር ሰው ከገባ ይቀየር፤ ግን ያዋጣው ሁሉ አዲሱን በዚያው ቀን ይነገረው። (ራውተሩን ቡፌ ውስጥ የምትቆልፉ ደግሞ፣ እባካችሁ አውጡት። ከሰርቪስ ቤት ላሉት ሲግናሉ የሚዳከመው በዚህም ጭምር ነው።)

ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት የጥናት ሰዓት ተብሎ በየግቢው ቢወሰን ጥሩ ነው እላለሁ። ትልልቆቹን ማስማማት ለኛ ለልጆች ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ሒሳቡን በወረቀት ጽፎ ማሳየት ግን አይከብድም።

መምህሮቻችንንም አንድ ነገር ልለምን። ከኢንተርኔት የሚፈለግ የቤት ሥራ ስትሰጡን "ለነገ" ባትሉን? ዓርብ ሰጥታችሁን ሰኞ ብንመልስ፣ ቅዳሜ በጠዋት መስመሩን የሚሻማ የለም። ቤቱ ዋይፋይ የሌለውም ልጅ ጓደኛው ጋ ሄዶ ለመሥራት ጊዜ ያገኛል።