መጋራት ነው ወይስ ማሸከም?



በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በገበዝ ማርያም ገጠር አንድ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገባ በተባለ ጊዜ ጎረቤቱ «እንግዲህ መንግሥት ተቀበለው» ይላል። ቤተሰቡም በርበሬውን ሸጦ፣ ለመሳፈሪያ የሚሆነውን ሰጥቶ፣ ስንቁን ቋጥሮ ከሰደደው በኋላ የወጪው ነገር ያለቀለት ይመስለዋል። ይህን እምነት የሚያርም ሰው እስከ ዛሬ ከቤቱ ደጃፍ አልደረሰም።

በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራውን ከጀመረ ወዲህ አምሳ ዓመት ያህል መደበኛው ተማሪ የተማረው በመንግሥት ወጪ ነበር። በ1995 ዓ.ም. የከፍተኛ ትምህርት ዐዋጅ ቁጥር 351 ወጣ፤ እሱን ተከትሎ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91 መጣ፤ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮም ወጪ መጋራት የሚባለው፣ እኛ በተለምዶ ኮስት ሼሪንግ የምንለው፣ ሥራ ላይ ዋለ። ደንቡ ሲወጣ የደነገገው፣ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ሙሉውን፣ ከማስተማሪያው ወጪ ደግሞ ቢያንስ ከመቶ 15 እጁን እንዲሸከም ነው። ይኸንንም ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ከመቶ 10 ባላነሰ እየተቆረጠ እንዲከፍል ተወሰነ። ለመምህርነት የሚሠለጥነው በገንዘቡ ፈንታ በአገልግሎቱ እንዲከፍል ተፈቀደለት።

እንግዲህ «መጋራት» የሚለውን ቃል እንመልከተው። በአገራችን መጋራት የታወቀ ነገር ነው። የእኩል አራሹና ባለመሬቱ አውድማ ላይ ይገናኛሉ፤ እህሉ በሁለቱም ዐይን ፊት ይሰፈራል፤ የአንዱ ድርሻ ከሌላው የተሰወረ አይደለም። አንድ ቁና በቆሎ የሚበደር ሰው እንኳ እማኝ ይጠራል። የእኛ መጋራት ግን በምዝገባ ቀን፣ ሰልፉ ከኋላ እየገፋ፣ በመስኮት በተወረወረልን ቅጽ ላይ የሚፈረም ነው። አባት አያየውም፣ እናት አትሰማውም፤ ፈራሚውም ቢሆን ያነበበው ስንቱ ነው? ይህን ሰፈራ የሌለው አውድማ መጋራት ማለት ይገባልን?

ለደንቡ የሚከራከሩ ሰዎች አንድ ጠንካራ ነገር ይናገራሉ፤ አንሸሸውም። ግብር የሚከፍለው ገበሬ የብዙኃኑ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ሳይደርሱ የጥቂቶችን ወጪ ለምን ይሸከማል ይላሉ። እውነት ነው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.2 ብቻ ነበሩ። በዚህ ምክንያት የተማረ ሰው ለአገሩ ይክፈል መባሉን አንቃወምም። የምንቃወመው ሚዛኑን ነው። ያ ለግብር ከፋዩ ገበሬ የታዘነለት ክርክር፣ የገበሬው ልጅ ራሱ በሩን አልፎ ሲገባ ለምን ይረሳዋል?

ቅናሹን ተመልከቱ። ደንቡ ቅናሽ አለው፤ ግን ለማን? ወጪውን አስቀድሞ በጥሬ ገንዘብ ለሚከፍል ከመቶ 5 ይቀነስለታል ይላል። አስቀድሞ መክፈል የሚችለው ማነው? በሬውን ቢሸጥ ማረሻው የሚቆምበት ገበሬ ነውን? ለእሱ ይህ ቅናሽ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ቅናሹ ያለውን ሰው ይሸልማል፣ የሌለውን በዕዳ ያሳድረዋል። የቤተሰብን ገቢ አይቶ ለድኻው የሚቀንስ መሰላል ግን አልተሠራም። ሲከፈልም ደሞዙ ቢበዛም ቢያንስም ከመቶ 10 ያው ከመቶ 10 ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ይህን መሰል አከፋፈል የጀመረችው አውስትራሊያ እንኳ፣ ገቢው ከተወሰነ ልክ በታች የሆነውን ምሩቅ ክፈል አላለችም።

ነገሩ ትንሽ ገንዘብ ነው የሚል ካለ አብረን እናስላ። ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ ይመደብ የነበረው 22 ብር በ2017 ዓ.ም. 100 ብር ሆነ። ከኑሮው ውድነት አንጻር መጨመሩ የግድ ነበር፤ በ22 ብር ሦስት ጊዜ መብላት ተአምር ነውና። ነገር ግን የምግቡ ወጪ ሁሉ በተማሪው ስም የሚጻፍ ከሆነ፣ በዓመት 300 ቀን ብንቆጥር በፊት 6,600 ብር የነበረው 30,000 ብር ይሆናል፤ በአራት ዓመት 120,000 ብር መሆኑ ነው። ይህም ከመኝታና ከማስተማሪያው በፊት ነው። በዕዳው ምክንያት ዋናው ዲግሪ ተይዞ፣ ጊዜያዊውን ወረቀት ይዞ ሥራ ፍለጋ የሚንከራተት ምሩቅ በየሰፈራችን አለ። ሥራ ሳይኖር ዕዳው አይከፈልም፤ ዕዳው ሳይከፈል ዲግሪው አይወጣም።

አሁን ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝ እንዲሆኑ የሚያደርገው ዐዋጅ በ2015 ዓ.ም. ወጥቶ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቀዳሚ ሆኗል። ራስ ገዝ ማለት የገቢን ምንጭ ራስ መፈለግ ነውና፣ ነገ የክፍያው ጥያቄ ይሰፋል እንጂ አይጠብም። ስለዚህ ዛሬውኑ የምንጠይቀው አለን። ቅጹ ከመፈረሙ በፊት በግልጽ አማርኛ ተጽፎ ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው በየትምህርት ቤቱና በየቀበሌው ይነበብ። ቅናሹ ጥሬ ገንዘብ ላለው ሳይሆን ገቢው አነስተኛ መሆኑን ቀበሌው ለመሰከረለት ቤተሰብ ይሁን። ሥራ ያላገኘ ምሩቅ ዲግሪው ይሰጠው። መምህራኖቻችንም፣ ከመካከላችሁ ዕዳችሁን በአገልግሎት የከፈላችሁ አላችሁና፣ በሚቀጥለው የሴኔት ስብሰባ ይህን ቃል ይዛችሁ እንድትገቡ እንጠይቃለን። የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ፊርማ ማሰባሰብ ጀምሯል፤ ወረቀቱ ከቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ይገኛል።