ስለ ችኰላ ምግብና የሳምንቱን ማዕድ አስቀድሞ ስለ ማሰብ

በአዲስ አበባ ከተማ ማታ ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ ከየሥራው ወጥቶ ወደ ታክሲ ሰልፍ የሚሄደውን ሰው፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የሚቀበለው የትኩስ ዘይት ሽታ ነው። ከዚህ እርጥብ ይሸጣል፤ ከዚያ ሳንቡሳና ፓስቲ ከመጥበሻው ይወጣል፤ ጥቂት አለፍ ሲሉ ደግሞ የበርገርና የፒዛ ቤቱ መብራት ይታያል። ቀኑን ሙሉ ከአንድ ስኒ ሻይ በቀር ምንም ሳይቀምስ የዋለ ሰው፤ ይልቁንም ቤቱ ሲደርስ ድስቱ ባዶ እንደሚሆን አስቀድሞ የሚያውቅ ከሆነ፤ ይህን ሁሉ ዐልፎ ይግባ ማለት ከባድ ነገር ነው።

ውፍረታቸውን ለመቀነስ ያሰቡ ብዙ ሰዎች ከሁሉ አስቀድመው የችኰላ ምግብን ለመተው ይወስናሉ። ውሳኔውም ሦስት ወይም አራት ቀን ይጸናና በአምስተኛው ማታ ይፈርሳል። ከዚህ በኋላ ሰዎቹ ሆዳቸውን መግዛት እንዳልቻሉ ቈጥረው ራሳቸውን ይወቅሳሉ። በእኛ አስተያየት ግን ጥፋቱ የሆዳምነት አይደለም። ሰው የሚሸነፈው የሚበላውን ምግብ በተራበበት ሰዓት መምረጥ ሲጀምር ነው። ስለዚህ የችኰላ ምግብን ለመተው የሚቻለው በመንገድ ላይ ዐይንን በመጨፈን ሳይሆን፤ ማክሰኞ ማታ የሚበላው ምን እንደ ሆነ እሑድ ዕለት ዐውቆ በማደር ነው።

ይህን ስንል የመንገዱ ምግብ ሁሉ መርዝ ነው ማለታችን አይደለም። ቦምቦሊኖ ከነስሙ ከኢጣልያኖች የመጣ ሆኖ ለብዙ ሰው የልጅነት ቁርሱ ነው፤ በሳንቡሳው ውስጥ ያለውም ምስር ለብቻው ቢያዩት መልካም ምግብ ነው። በአውሮጳ አቈጣጠር በ2018 ዓ.ም. ፒዛ ሃት የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በአዲስ አበባ ሥራ ሲጀምርም፤ የከተማው ሰው ፒዛና በርገር ከለመደ ብዙ ዘመን ሆኖት ነበር። ነገሩ ያለው በዘይቱ፤ በነጩ ዱቄትና አብሮ በሚጠጣው ለስላሳ ነው። አንድ ግራም ዘይት ለሰውነት 9 ካሎሪ ሲሰጥ፤ አንድ ግራም ስታርች ወይም ፕሮቲን የሚሰጠው 4 ብቻ ነው። መቶ ግራም የተቀቀለ ድንች 90 ካሎሪ አይሞላም፤ ድንቹ በዘይት ከተጠበሰ በኋላ ግን የዚያው የመቶ ግራም ክብደት ወደ 300 ካሎሪ ይደርሳል፤ ሲጠበስ ውሃው ይወጣና ዘይቱ በስፍራው ይገባልና። እርጥብ የሚባለውም ይህንኑ ጥብስ ድንች በነጭ ዳቦ ውስጥ የሚከት ስለ ሆነ፤ የሚያጠግበው ለጊዜው ነው። በሰውነት ውስጥ ቶሎ ይፈጫል፤ ከሁለት ሰዓት በኋላም ሆድ እንደገና ይጠይቃል።

በአገራችን ደግሞ ከሌላው ዓለም የተለየ አንድ ነገር አለ። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን በዓመት 180 ቀን ያህል ይጾማልና ብዙ ሰው ጾም በገባ ጊዜ ሰውነቱ በራሱ የሚቀንስ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ እርጥቡም፤ ፓስቲውም፤ የድንች ጥብሱም፤ ለስላሳውም ሥጋና ቅቤ የሌለባቸው ስለ ሆኑ ሁሉም የጾም ምግቦች ናቸው። እስከ 9 ሰዓት ቆይቶ ከዚያ በኋላ በዘይት የተጠበሰ ዱቄት የሚበላ ሰው፤ የዐቢይ ጾምን 55 ቀን በዚህ ዓይነት ቢጨርስ ለትንሣኤ ወፍሮ ቢገኝ ሊደነቅ አይገባውም። እስላሞች ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም በረመዳን የማፍጠሪያው ሰዓት ሲደርስ ሳንቡሳው ቀድሞ እንደሚቀርብ ያውቁታል። ጾም የተሠራው ለነፍስ ነውና የውፍረት መድኀኒት አድርጎ መያዙ ተገቢ አይመስለንም። ዳሩ ግን የጾሙ ገበታ ምስር፤ ሽሮ፤ ጐመንና ሰላጣ ሆኖ ዘይቱ ከተመጠነ፤ የውጭ አገር ሐኪሞች ለሕመምተኞቻቸው ከሚያዝዙት ማዕድ የሚያንስ አይደለም።

ውፍረት በእኛ ዘንድ ለብዙ ዘመን የድሎት ምልክት ሆኖ ኖሯል። የወፈረችውን ሴት ተመችቷታል ይሏታል፤ የከሳችውን ደግሞ ምን ነካሽ፤ ታመሻል ወይ እያሉ ያሳቅቋታል። በዚህ ምክንያት ሰው ውፍረቱን የሚያስተውለው ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ሲያጥረው፤ ወይም ሐኪም ደሙን መርምሮ ስኳር መጨመሩን ሲነግረው ነው። ከዚያ በፊት ለመለካት የሚፈልግ ክብደቱን በኪሎ ይመዘን፤ ቁመቱንም በሜትር ለክቶ በራሱ ያባዛው፤ ከዚያም ክብደቱን ለዚህ ያካፍል። የተገኘው ቍጥር 25 ከደረሰ ክብደቱ ከመጠን ዐልፏል፤ 30 ከደረሰ ደግሞ ለጤና የሚያሰጋ ውፍረት ነው። የወገብ ልክም እንዲሁ ይመሰክራል፤ ለሴት ከ80 ሳንቲ ሜትር፤ ለወንድ ከ94 ሳንቲ ሜትር ሲያልፍ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

የስኳር በሽታ ከዘር ብቻ የሚመጣ የሚመስላቸው ሰዎች በወገኖቻችን ላይ የደረሰውን ቢመለከቱ መልካም ነው። በአውሮጳ አቈጣጠር በ1984 ዓ.ም. እና በ1991 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የተወሰዱት ቤተ እስራኤል፤ በገጠር ሲኖሩ ይህ በሽታ በመካከላቸው እጅግ ጥቂት ነበር። ነጭ ዳቦው፤ ስኳሩና ለስላሳው በበዛበት፤ የእግር መንገዱም በቀረበት አገር ጥቂት ዓመታት ከተቀመጡ በኋላ ግን ሐኪሞች በሽታውን በዝቶ አገኙት። ዘራቸው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ማዕዱና አኗኗሩ ነው። ከገጠር ወደ አዲስ አበባ የሚመጣውም ሰው፤ ባሕር ሳይሻገር ይህንኑ መንገድ የሚሄድ ይመስለናል።

የተበላሸውም ሊታረም ይችላል። በአሜሪካ አገር ለስኳር በሽታ የተቃረቡ 3,234 ሰዎች የተመረመሩበት ሥራ በአውሮጳ አቈጣጠር በ2002 ዓ.ም. ታትሟል። ምግባቸውን አስተካክለው ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የተመከሩት፤ መድኀኒት የሌለበት ኪኒን ከተሰጣቸው ይልቅ በሽታው በ58 በመቶ ቀነሰላቸው። ሜትፎርሚን የተባለውን መድኀኒት የወሰዱት ግን ያገኙት ቅናሽ 31 በመቶ ነበር። ለ80 ኪሎ ሰው 7 በመቶ ማለት ስድስት ኪሎ የማይሞላ ነው። እንግዲህ የሚፈለገው እንደ ልጅነት መቅጠን አይደለም።

አሁን ወደ ማድቤቱ እንግባ። እሑድ ከሰዓት በኋላ የቤቱ እመቤት፤ ወይም የቤቱ ጌታ፤ (ድስት ማማሰል ለወንድ ነውር ነው የሚባልበት ዘመን ዐልፏልና) አንድ ወረቀት ይዘው የሳምንቱን እራት ይጻፉ። የሚጾም ቤተ ሰብ ከሆነ ረቡዕና ዓርብ አስቀድመው የተወሰኑ ናቸው፤ ለረቡዕ ሽሮ በቆስጣ፤ ለዓርብ የአተር ክክ አልጫ ከካሮትና ከጥቅል ጐመን ጋራ ቢጻፍ የቀረው ሥራ ጥቂት ነው። ሰኞ ምስር፤ ማክሰኞ እንቍላል ከአትክልት ጋራ፤ ሐሙስ ጥቂት ሥጋ የገባበት ጐመን ሊሆን ይችላል። ከዚህ በኋላ ወደ ጉልት የሚወጣው በዚሁ ወረቀት ነው። ያለ ወረቀት የወጣ ሰው ሽንኩርትና ቲማቲም ብቻ ይዞ ይመለሳል።

የሳምንቱን ሥራ የሚያቀልለው ዋናው ነገር ቁሌት ነው። ሁለት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ደቅቆ ይከተፍና ታቹ ወፍራም በሆነ ድስት፤ ያለ ዘይት፤ በዝግታ እሳት ይቁላላ፤ እንዳያርም ጥቂት ጥቂት ውሃ ጠብ እያደረጉ ያማስሉታል። እናቶቻችን ለዶሮ ወጥ ሽንኩርትን በደረቁ ማቁላላት ከጥንት ያውቁበታል፤ ለሽሮና ለምስር ግን ዘይቱን ከሁሉ አስቀድሞ ማፍሰስ ለምን እንደ ተለመደ ምክንያቱ አይታየንም። ዘይቱ የሚገባው ሽንኩርቱ ከበሰለ በኋላ ሲሆን፤ ለዚህ ሁሉ ሽንኩርት 4 የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 14 ግራም ያህል ሆኖ 120 ካሎሪ አለው፤ ከጀሪካኑ በግምት የሚያፈስ ሰው ሦስት ማንኪያ ቢያሳልፍ 360 ካሎሪ ጨመረ ማለት ነው፤ ይህም በዐይን የማይታይ ሌላ ምግብ ነው። ስለዚህ በማንኪያ ይለካ።

ቁሌቱ ሲበርድ ግማሹ በርበሬ ይግባበት፤ ግማሹ ለአልጫ ነጩን ይቅር። በአምስት ትንንሽ ዕቃ ተከፍሎ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀን የሚሆነው በማቀዝቀዣ፤ የቀረው በበረዶ ቤቱ ይቀመጥ። ሰኞ ማታ ከሥራ የገባ ሰው የተከካውን ምስር ከዚህ ቁሌት ጋራ ቢጥደው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይበስላል፤ ይህም ፒዛ በስልክ ታዝዞ በሞተር ብስክሌት እስኪደርስ ከሚወስደው ጊዜ ብዙ የሚበልጥ አይደለም። መብራት ሄዶ በዋለበት ቀን ግን ምግቡ አልተበላሸም ብሎ በሽታ ብቻ መፍረድ አይገባም። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤተ ሰብ ለየማታው ሽንኩርቱን ብቻ ከትፎ ይነሣ፤ የደረቀ ሽሮና ክክ ከቤት ካልጠፋ ይበቃዋል።

ስለ እንጀራ የሚባለውን ሁሉ አንቀበልም። ውፍረት ለመቀነስ እንጀራ መተው ያስፈልጋል የሚሉ አሉ። ጤፍ ቅንጣቱ እጅግ ደቃቃ ስለ ሆነ ገለባው ሳይለይ እንዳለ የሚፈጭ እህል ነው፤ በዚህም ከነጭ ዳቦ ይሻላል። ችግሩ በአንድ ትሪ ላይ ብዙ ሰው ሲበላ የየሰው ድርሻ የማይታወቅ መሆኑ ነው። ትሪው ላይ አንድ እንጀራ ብቻ ተዘርግቶ ከወጡ ይልቅ ጐመኑና ሰላጣው ሰፊውን ስፍራ ቢይዝ፤ ተጨማሪውም እንጀራ ለእያንዳንዱ ሰው ተቈርጦ ቢቀርብ፤ አብሮ መብላቱም ጉርሻውም ሳይቀር መጠኑ ይታወቃል። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲበላ ይመክራል፤ በእኛ ገበታ ጠርዝ ላይ የምትቀመጠው የሰላጣ ቍንጥር ከዚህ እጅግ ትርቃለች።

ቁርስን መዝለል እንደ ቍጠባ የሚቈጠር ከሆነ ስሕተት ነው፤ ጠዋት ያልተበላው ማታ ከመጥበሻው አጠገብ ይበላልና። ቅንጬ፤ ወይም ጥቂት ፍርፍር ከአንድ ፍሬ ሙዝ ጋራ ይበቃል። ምሳ ከቤት በምሳ ዕቃ ቢያዝ፤ በ10 ሰዓትም አንድ እፍኝ ቆሎ ወይም አንድ ብርቱካን ቢቀመስ፤ የማታው መንገድ ይቀላል። ቆሎም ቢሆን በእፍኝ እንጂ በከረጢት አይደለም።

ስኳርን በሚመለከት ከለስላሳው ይልቅ ሻዩ ያስደነግጣል። ስኳሩ ያልተቀነሰ 300 ሚሊ ሊትር የኮላ ጠርሙስ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው፤ ይህን ብዙ ሰው ሰምቷል። ነገር ግን በቀን 4 ጊዜ ሻይ የሚጠጣና በየጊዜው 3 የሻይ ማንኪያ የሚጨምር ሰው 48 ግራም ያህል ስኳር ዋጠ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአውሮጳ አቈጣጠር በ2015 ዓ.ም. ያወጣው ምክር፤ በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበቃው ሰው የሚጨመረው ስኳር ከ50 ግራም እንዲያንስ፤ ቢቻልም ወደ 25 እንዲወርድ ነው። በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ቢቀንሱ ምላስ ሳይከፋው ይለምዳል።

ከምግቡ ይልቅ የሚያስቸግረው ሰው ነው። እንግድነት በሄዱበት ቤት በሞቴ፤ አፈር ስሆን ተብሎ የቀረበን ጉርሻ መመለስ ያስቀይማል። አልበላም ከማለት ጥቂት አንሥቶ ቀስ ብሎ መብላትና የባለቤቲቱን እጅ ማመስገን ይሻላል፤ ሐኪም አዝዞኛል ማለትም ነውር የለበትም። በአንድ ድግስ የሚጠፋ ነገር የለም። በወር አንድ ቀን ከልጆች ጋራ ፒዛ ቢበላም እንዲሁ ነው፤ ነገር ግን በወረቀቱ ላይ ይጻፍ፤ ተጽፎ የተበላ ምግብ ሌላውን አያስከትልም።

ክብደት በሳምንት ከግማሽ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ ቢቀንስ መልካም ነው። መመዘን በሳምንት አንድ ቀን፤ ጠዋት፤ ቁርስ ሳይበሉ ይሁን፤ በየቀኑ የሚመዘን ሰው የውሃውን መውጣትና መግባት እንደ ስብ ቈጥሮ በከንቱ ያዝናል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ይህን ዓይነት ቅነሳ አትጀምር። ኢንሱሊን የሚወጉና የስኳር ኪኒን የሚወስዱም ሰዎች ምግብ ከመቀነሳቸው አስቀድሞ ሐኪማቸውን ይጠይቁ፤ መድኀኒቱ ሳይቀነስ ምግቡ ቢቀንስ የደም ስኳር እጅግ ወርዶ አደጋ ሊያመጣ ይችላልና።

ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ስለሚይዙት የምሳ ዕቃና በውስጡ ከድንች ጥብስ ሌላ ምን ሊገባ እንደሚችል፤ ነገሩ ሰፊ ስለ ሆነ በሌላ ሳምንት ለብቻው እንመለስበታለን።