በጾም መጥቶ በጾም የሚሄድ እንግዳ

በባሕር ማዶ የሚኖሩ የኢትዮጵያ ልጆች በየዓመቱ በታኅሣሥ ወር በአውሮፕላን ወደ አገራቸው ይመጣሉ። ልጁን ለማየት ዓመት ሙሉ የሚጠብቅ ወላጅ ባለበት አገር መምጣታቸውን የሚነቅፍ አይገኝም። ነቀፋው በመረጡት ቀን ላይ ነው።

የአሜሪካና የአውሮፓ አሠሪ ፈቃድ የሚሰጠው በፈረንጆች ገና፣ ይኸውም በታኅሣሥ 16 ቀን አካባቢ ነው። እንግዳውም ታኅሣሥ 14 ቀን ቦሌ ይወርድና ታኅሣሥ 25 ቀን ተመልሶ ይሳፈራል። ኅዳር 15 ቀን የተጀመረው ጾመ ነቢያት ግን የሚፈታው ታኅሣሥ 29 ቀን ነው። (በዘመነ ዮሐንስ ሁሉም በአንድ ቀን ይቀድማል፤ ነገሩን ግን አይለውጠውም።) እንግዲህ ለበዓል መጣሁ የሚለው ሰው በጾም ገብቶ በጾም ይወጣል።

በዚህ ጊዜ በቤት ውስጥ የሚሆነውን ማየት ይገባል። እናት ለልጇ ዶሮ ታሳርዳለች፤ ሽንኩርቱን አቁላልታ፣ በርበሬውንና ቅቤውን ጨምራ፣ ዐሥራ ሁለቱን ብልት ታሰናዳለች። ጨዉ ልክ መሆኑን ግን ልትቀምስ አትችልም፤ ስለዚህ ለጾም ያልደረሰ ሕፃን ከጎረቤት ጠርታ ታስቀምሳለች። አባትም በግ ያሳርዳል፤ ሥጋው ግን ለጎረቤት አይላክም፤ ጎረቤቱ ይጾማልና። ልጁ ብቻውን ይበላል፤ ወላጆቹ ተቀምጠው ያዩታል። ታኅሣሥ 29 ቀን ሌሊት ከቅዳሴ ተመልሰው ጾማቸውን ሲፈቱ ደግሞ የርሱ ቦታ ባዶ ነው።

«እግዚአብሔር ልብን እንጂ ቀንን አይመለከትም» የሚሉ አሉ። ቃሉስ መልካም ነበረ፤ ነገር ግን ይህን የሚሉት ሰዎች ፈረንጅ የሰጣቸውን ቀን አንድ ሰዓት እንኳ አያሳልፉም። ለአሠሪ ቀን ቀን ከሆነ ለእናት ቀን ቀን የማይሆንበት ምክንያት ምንድር ነው?

ሌሎችም የልጆችን ትምህርት ያነሣሉ። ትምህርት ቤቶቹ ከፈረንጆች አዲስ ዓመት በኋላ ወዲያው ስለሚከፈቱ ይህ ከባድ ምክንያት ነው። ዳሩ ግን ልጅ የሌለውም፣ ብቻውን የመጣውም ይህንኑ ሲያነሣው ይሰማል።

በቤይሩትና በሪያድ በሰው ቤት የምትሠራ እኅት ፈቃድዋ በአሠሪዋ እጅ ነው፤ ፓስፖርትዋ የተያዘባትም አለች። እርስዋ በማናቸውም ቀን ብትመጣ መምጣትዋ ራሱ በዓል ነው። በዋሽንግተን በሌሊት ሥራ የሚተዳደረውና የተሰጠውን ቀን ብቻ የሚቀበለውም እንዲሁ ነው። ነቀፋው የሚደርሰው መምረጥ እየቻለ ላልመረጠው ነው።

ቀድሞ ለትምህርት ወደ አውሮፓ የሄደ ሰው እስከ ጅቡቲ በባቡር፣ ከዚያም በመርከብ ሳምንታት ይጓዝ ስለ ነበረ ቀን መቍጠር አይቻለውም ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ አደረገ፤ ዛሬ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ለመድረስ 13 ሰዓት ያህል ይበቃል። የ15 ቀን ፈቃድ ያለው ሰው ከታኅሣሥ 28 እስከ ጥር 12 ቀን ቢቀመጥ ገናን፣ ከተራንና ጥምቀትን ሁሉ ያገኛል። የፈረንጆች በዓል ካለፈ በኋላም የመሳፈሪያው ዋጋ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። በ2014 ዓ.ም. መንግሥት አንድ ሚሊዮን ሰው ወደ አገሩ እንዲገባ በጠራ ጊዜ ቀኑ የተቈጠረው በኢትዮጵያ ገና ነበረ፤ ያን ጊዜ ብዙዎች ፈቃድ አግኝተው መጥተዋል። መንግሥት ሲጠራ የተገኘው ፈቃድ እናት ስትጠራ ለምን ይታጣል?

ጥፋቱ የወላጆችም ነው። በስልክ «በተመቸህ ጊዜ ና» ይላሉ፤ ልጁም ይህን እንደ ፈቃድ ይቈጥረዋል። በታኅሣሥ አጋማሽ የእንግዳውን ማዕድ እንዲባርኩ የሚጠሩ ካህናትም ዝም ብለው ባርከው፣ ሳይቀምሱ ከሚወጡ፣ የሚመጣውን ዓመት ቀን በዚያው ማዕድ ላይ ቢያስቈርጡ ይሻላል፤ ትኬት የሚገዛው ከብዙ ወር አስቀድሞ ነውና።