ፊሽካው ሳይነፋ

የአሠሪና የሠራተኛን ግንኙነት ለመመርመር የሚፈልግ የሕግ ሰው የግድ ወደ ፋብሪካ ወይም ወደ ባንክ መሄድ የለበትም። እኔን ሰሞኑን ያመራመረኝ ከእኛ በጣም የራቀ ጉዳይ ነው፦ የአውስትራሊያ እግር ኳስ ክለቦች የውድድር ዘመኑ ከመጀመሩ በፊት ተጫዋቾቻቸውን የሚያሠለጥኑበት መንገድ። «ይህ ደግሞ እኛን ምን አገባን?» የሚል አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ።

ጨዋታው እኛ ከምናውቀው እግር ኳስ ይለያል። ሜዳውም ኳሱም ሞላላ ነው። በየወገኑ 18 ሰው ይሰለፋል፤ ኳሱ በእግር ይለጋል፣ በእጅ ይያዛል፣ በቡጢም ተመትቶ ለጓደኛ ይቀበላል። የመሀል ተጫዋች በአንድ ግጥሚያ ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሮጥ ይችላል። (ሜልቦርን ውስጥ ፉትስክሬይ በሚባለው ሰፈር ያሉ ወገኖቻችን ይህን ከእኔ በተሻለ ያውቁታል፤ ዌስተርን ቡልዶግስ የተባለው ክለብ መቀመጫው እዚያው አጠገባቸው ነው።) ውድድሩ በመጋቢት ግድም ተጀምሮ በመስከረም መጨረሻ ግድም ይጠናቀቃል። ዝግጅቱ ግን የሚጀመረው በኅዳር ነው፤ የገና እረፍት ቢኖርበትም አብዛኛው የሚያልፈው በአውስትራሊያ የበጋ ሙቀት ነው።

በእነዚህ ወራት የደረጃ ሰንጠረዥ የለም፤ በሰማንያና በዘጠና ሺሕ የሚቆጠር ተመልካችም የለም። በአንድ ክለብ መዝገብ ላይ ከ40 የማያንሱ ተጫዋቾች ይኖራሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ለአንድ ግጥሚያ የሚመረጡት ግን 22 ብቻ ነበሩ። ከእነዚያ 22 አንዱ ማን እንደሚሆን የሚወስነው ልምምዱን የሚመራው ወገን ነው። በዚያ ላይ ወጣቱ ተጫዋች ክለቡን መርጦ አይገባም፤ ክለቦች በተራ በተራ እየጠሩ ይወስዱታል። ውሉ ሲያልቅ በነጻነት ወደሌላ ክለብ የመሄድ መብት የተጀመረው በ2012 ሲሆን፣ እሱም ቢሆን በአንድ ክለብ ስምንት ዓመት ለቆየ ነው። እንግዲህ እዚህ ቦታ ላይ ያለ ሰው «ተስማምቻለሁ» ሲል ምን ማለቱ ነው?

ሁለት ጉዳዮችን ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል። የመጀመሪያው የሜልቦርኑ የኤሰንደን ክለብ ነው። በ2011 መጨረሻና በ2012 መጀመሪያ፣ በዝግጅቱ ወቅት፣ ክለቡ የተጫዋቾችን ጉልበት ያጎለብታል የተባለ የመርፌ ፕሮግራም ጀመረ። ተጫዋቾቹ የስምምነት ቅጽ ፈረሙ። ነገሩ ሲገለጥ ክለቡ ለማን ምን እንደተሰጠ የሚያሳይ የተሟላ መዝገብ ማቅረብ አልቻለም። በ2013 ሊጉ ሁለት ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ቀጣው፤ አሠልጣኙ ጄምስ ሄርድም ለአንድ ዓመት ታገደ። ተጫዋቾቹን የሊጉ ዳኞች በ2015 ነጻ ቢለቋቸውም፣ መቀመጫውን ስዊዘርላንድ ያደረገው የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት በጥር 2016 በ34ቱ ላይ የሁለት ዓመት እገዳ ፈረደ። ቅጹን እንደ መከላከያ አልተቀበላቸውም፤ ይልቁንም እናንተም አጥብቃችሁ መጠየቅ ነበረባችሁ አላቸው። በዚያው ወር የቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ፍርድ ቤት ክለቡን ለሠራተኞቹ ደኅንነቱ የተጠበቀ የሥራ ቦታ ባለማዘጋጀቱ 200 ሺሕ ዶላር ቀጣ። ልብ በሉ፤ በዚህኛው ችሎት ዓይን ተጫዋቹ ሠራተኛ፣ የልምምድ ሜዳውም የሥራ ቦታ ነው።

ሁለተኛው የአደሌይድ ክለብ ነው። በመስከረም 2017 በዋንጫው ፍልሚያ በሪችመንድ በ48 ነጥብ ተሸነፈ። የሽንፈቱ ምክንያት የሥነ ልቦና ድክመት ነው ተብሎ ይመስላል፣ በ2018 መጀመሪያ ተጫዋቾቹ ጎልድ ኮስት ወደተዘጋጀ የአራት ቀን ካምፕ ተወሰዱ። የሚመራው የውጭ አማካሪ ነበር። ኤዲ ቤትስ፣ የአገሬው ነባር ሕዝብ ተወላጅና ከዘመኑ ድንቅ አግቢዎች አንዱ፣ በ2022 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ የሆነውን ጽፏል። ዓይናቸው ተሸፍኖ፣ ስልካቸው ተሰብስቦ ተወሰዱ። በገመድ ታስሮ ሲታገል፣ ለአማካሪ በምስጢር የነገረው የግል ሕይወቱ እየተጠቀሰ ተሰደበበት። የሕዝቡ ቅዱስ ሥርዓትም አላግባብ ጥቅም ላይ ዋለ። ተቃውሞውን ለቡድኑ ካሰማ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ከተጫዋቾቹ መሪዎች መካከል እንዳልተመረጠ ተነገረው።

ሊጉ በ2018 ጉዳዩን መርምሮ የተጣሰ ደንብ የለም አለ። የሳውዝ አውስትራሊያ የሥራ ደኅንነት ተቆጣጣሪም በጥር 2021 ክለቡ ሕግ አልጣሰም ብሎ ፋይሉን ዘጋ። መጽሐፉ ሲወጣ ክለቡም ሊጉም ይቅርታ ጠየቁ። ያልተጣሰ ሕግ፣ የተጠየቀ ይቅርታ!

ተቆጣጣሪው አድልቷል ለማለት ማስረጃ የለኝም። የታዘብኩት ሌላ ነው። መርፌ ምልክት ይተዋል፤ ሒሳብ፣ ደረሰኝ፣ የጠፋ መዝገብ አለው። ስድብና ውርደት ግን ምስክር ይፈልጋል፤ ምስክሩ ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ለመሰለፍ የሚጠብቅ፣ ውሉ ሊያልቅ የተቃረበ ሰው ነው። ቤትስ እንኳ ዝርዝሩን አደባባይ ያወጣው መጫወት ካቆመ በኋላ ነው። ሕጉ «ጤና» ሲል የአካልም የአእምሮም ማለቱ እንደሆነ ከመጀመሪያው ተጽፎ ነበር፤ የጎደለው ያን ቃል በቦታው ላይ የሚያውል ዝርዝር ደንብ ነው።

«አዋቂዎች ናቸው፤ ደህና ይከፈላቸዋል፤ ከባድ ልምምድ የሌለው ስፖርት የት አለ?» የሚሉ አሉ። ከባድ ልምምድን እኔም አልቃወምም። በሙቀት ሁለት ኪሎ ሜትር በሰዓት ተለክቶ መሮጥ የሥራው ባሕርይ ነው፤ ተጫዋቹም ሲፈርም ያውቀዋል። የልጅነት ቁስሉን ለአማካሪ ሲነግር ግን በጓደኞቹ ፊት መሰደቢያ እንዲሆን አልፈረመም። በውል ሕግ የፈቃድ ጉድለት የምንለው እዚህ ላይ ነው የሚነሣው፤ ሰውየው የሚስማማበትን ነገር አላወቀም፣ ቢያውቅም እምቢ የሚልበት አቅም አልነበረውም። ኤሰንደን ላይ ፊርማው ተጫዋቾቹን ከቅጣት አላዳነም። አደሌይድ ላይ ደግሞ ዝም ማለታቸው እንደ ስምምነት ተቆጠረ። በሁለቱም መንገድ የከሰረው ተጫዋቹ ነው።

በውጤት ረገድ ካምፑ የፈየደው የለም። አደሌይድ በ2018 ከፍጻሜው ዙር ውጭ ሆነ፤ አሠልጣኙ ዶን ፓይክ በ2019 ለቀቀ፤ በ2020 ክለቡ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ መጨረሻ ወጣ። ይህን ሁሉ በአራት ቀን ላይ መጫን ግን ተገቢ አይደለም። ደግሞስ ካምፑ ዋንጫ ቢያስገኝ ኖሮ የሕግ ጥያቄው ይለወጥ ነበር?

ሳውዝ አውስትራሊያ የአእምሮ ጉዳት ምንጮችን አሠሪው እንዲለይና እንዲከላከል የሚያስገድደውን ዝርዝር ደንብ ሥራ ላይ ያዋለው ከታኅሣሥ 25 ቀን 2023 ጀምሮ ነው። አራቱ ቀናት ካለፉ ስድስተኛው ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ የተቆጣጣሪው ፋይል ከተዘጋም ሦስት ዓመት ሊሞላው ሲል ማለት ነው።